ለኦነርስ ፕሮግራም ማመልከት፦ ከጅማ ወደ አሜሪካ ትንንሽ ኮሌጆች ለሚያመለክቱ ተማሪዎች

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች «በማዕረግ ተመረቀ» የሚባለው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ሬጅስትራሩ የአራት ወይም የአምስት ዓመቱን ውጤት ደምሮና አካፍሎ አማካዩ ከተወሰነው ነጥብ በላይ ሆኖ ካገኘው ማዕረጉን ይጽፍለታል፤ ተማሪው ለማዕረጉ ሲል የሞላው ፎርም፣ የጻፈው ድርሰት፣ የተቀመጠበት ቃለ መጠይቅ የለም። በአሜሪካ ትንንሽ ኮሌጆች «ኦነርስ ፕሮግራም» የሚባለውን ስናይም ይኸው የለመድነው ማዕረግ ይመስለንና «ግሬዴ ጥሩ ከሆነ ራሱ ይመጣል» ብለን እንቀመጣለን። ጅማ ውስጥ እንግሊዝኛ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ማመልከቻቸውን እንድመለከትላቸው ይዘው ከመጡ ተማሪዎች አብዛኞቹ በዚህ አሳብ የመጡ ነበሩ።

ኦነርስ ፕሮግራም ግን የሚገቡበት እንጂ የሚሸለሙት አይደለም። ተማሪው ከመደበኛው ትምህርት የጠለቀ ሥራ ለመሥራት ከኮሌጁ ጋር የሚገባው ውል ነው ብንለው ይቀላል። ማዕረጉ እዚያም ለብቻው አለ፤ በላቲን «ኩም ላውዴ»፣ ማለትም «ከምስጋና ጋር»፣ ተብሎ በዲፕሎማው ላይ ይጻፋል፤ እሱ በአመዛኙ የውጤት ጉዳይ ነው። ይህን ልዩነት ከሁሉ አስቀድሜ ያነሣሁት ማመልከቻው በሙሉ የሚቃናውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ማዕረግ የፈለገ አመልካች ስለ ውጤቱ ይጽፋል፤ መራጮቹ ደግሞ ውጤቱን ከትራንስክሪፕቱ ላይ አይተው ጨርሰዋል። እነሱ ማወቅ የሚፈልጉት ይህ ልጅ ማንም ሳያዝዘው አንድ ጥያቄ ይዞ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ነው።

ፕሮግራሞቹ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ስለዚህ የምታመለክቱበት ኮሌጅ የትኛውን እንደሚሰጥ ሳታጣሩ አንድ መስመር አትጻፉ። በብዛት የሚገኘው ከመጀመሪያው ዓመት የሚጀምረው ነው። ተማሪው ጥቂት ልጆች ብቻ በሚቀመጡባቸው የውይይት ክፍሎች ይማራል፤ በአንዳንድ መደበኛ ኮርሶችም ከመምህሩ ጋር ተስማምቶና ተፈራርሞ ተጨማሪ ጥናት ይሠራል፤ በመጨረሻው ዓመት ደግሞ የመመረቂያ ጥናት ጽፎ በመምህራን ፊት ያቀርባል። በዚህ ሁሉ መካከል አማካይ ውጤቱ ከተወሰነ ነጥብ በታች እንዳይወርድ ይጠበቅበታል፤ ነጥቡ በብዙ ኮሌጆች ከ4 በ3.3 እና በ3.5 መካከል ነው። ሁለተኛው ዓይነት በትምህርት ክፍሎች የሚሰጠው ሲሆን ማመልከቻው የሚቀርበው በሦስተኛው ዓመት ነው፤ ይህኛው ከጅማ ሆናችሁ ምንም የምታደርጉለት ነገር ስለሌለ አሁን አያስጨንቃችሁ።

ሦስተኛው በጥቂት ቦታ የሚገኝ ነው፤ ሆኖም የነገሩ መንፈስ ከየትኛውም ይልቅ በእሱ ላይ ስለሚታይ ልጥቀሰው። በፔንሲልቫኒያ የሚገኘው ስዋርዝሞር ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1922 የጀመረው ፕሮግራም ነው። የወቅቱ ፕሬዚዳንት ፍራንክ አይደሎት በኦክስፎርድ ተምሮ ስለነበር ተማሪው በሴሚናር እየተወያየና ራሱ እያነበበ ተምሮ በመጨረሻ ላላስተማሩት ሰዎች መልስ የሚሰጥበትን ሥርዓት አቋቋመ። እስከ ዛሬም በአራተኛው ዓመት መጨረሻ ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የተጋበዙ ምሁራን መጥተው ተማሪውን በቃል ይፈትኑታል። የሕክምና ተማሪዎቻችን «ኤክስተርናል መጣ» ሲባል ሆዳቸው የሚንቦጫቦጨው ዓይነት ፈተና ነው ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚያ ተማሪው ወዶና ጠይቆ የሚገባበት መሆኑ ነው። መምህሩ ፈታኝ ስላልሆነም ከተማሪው ጋር በአንድ ወገን ተሰልፎ ያዘጋጀዋል።

ኮሌጁ ትንሽ መሆኑ ራሱን የቻለ ትርጉም አለው። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ተማሪ ካለው ከጅማ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ላደገ ልጅ ሁለት ሺህ ተማሪ ብቻ ያለው ኮሌጅ ከአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያንስ ሆኖ ይታየዋል፤ ብዙ ወላጆችም «እውነተኛ ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል። በእነዚህ ኮሌጆች ብዙውን ጊዜ የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪ የለም፤ ስለዚህ የመጀመሪያ ዓመቱን ልጅ የሚያስተምረውም፣ ድርሰቱን የሚያርመውም፣ ቤተ ሙከራ የሚያስገባውም ፕሮፌሰሩ ራሱ ነው። ይህ ከሆነ ታዲያ የኦነርሱ ጥቅም ምንድን ነው የሚል ጥያቄ ተገቢ ነው፤ እኔም ለሁሉም ተማሪ ያስፈልጋል አልልም። ትንሽ ኮሌጅ መደበኛው ትምህርቱም ቅርብ ክትትል አለው፤ ሳምንቱን ሙሉ ቤተ ሙከራ የሚውል የኬሚስትሪ ወይም የኢንጂነሪንግ ተማሪ በማይወደው የንባብ ሴሚናር ተጨንቆ አማካይ ውጤቱን ቢያወርድ ከትርፉ ጉዳቱ ይበልጣል። የኮርስ ምዝገባ ቅድሚያ፣ የተለየ ዶርም፣ የኦነርስ ስኮላርሺፕ የሚሉት ማባበያዎች ጥሩ ናቸው፤ ግን ለእነሱ ብቻ የሚገባ ሰው ሁለተኛው ዓመት ላይ ይወጣል።

ገንዘቡን በተመለከተ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። «የኦነርስ ስኮላርሺፕ» የሚል ስም ሙሉ ወጪ ማለት አይደለም። አንዳንዱ ኮሌጅ በዓመት ጥቂት ሺህ ዶላር ሰጥቶ የቀረውን ቤተሰብ ይክፈል ይላል፤ የቀረው ደግሞ በብር ሲመነዘር መርካቶ ሱቅ ያለውን ነጋዴም የሚያስደነግጥ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የኮሌጁን የውጭ ተማሪ የገንዘብ ድጋፍ መርምሩ፤ ኦነርሱ ቀጥሎ ይመጣል። ከትንንሾቹ ኮሌጆች እንደ አምኸርስት እና ቦውዶይን ያሉት የውጭ አገር አመልካችን ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን አይመለከቱም፤ በኬንታኪ የሚገኘው ቤሪያ ኮሌጅ ደግሞ የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፤ ተማሪው በኮሌጁ ውስጥ በሥራ ይሳተፋል። እነዚህ ሁሉ ፉክክራቸው ከባድ ነው። የማመልከቻ ክፍያውን ግን አትፍሩት፤ ከዚህ በዶላር መክፈል አስቸጋሪ እንደሆነ በትሕትና ኢሜይል ጽፎ የሚያስረዳ ተማሪን ብዙ ኮሌጆች ከክፍያው ነፃ ያደርጉታል።

አሁን ወደ ድርሰቱ ልግባ፤ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው እሱ ነው። ብዙ ኮሌጆች በሚጠቀሙበት «ኮመን አፕ» በሚባለው የጋራ ማመልከቻ ላይ ዋናው ድርሰት ከ650 ቃል አይበልጥም፤ የኦነርስ ፕሮግራሙ ተጨማሪ አጭር ጽሑፍ ከጠየቀ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው «ለምን ትፈልገዋለህ? ምን ያሳስብሃል?» ከሚለው አይርቅም። እኔ ዘንድ የሚመጡት የመጀመሪያ ረቂቆች በሦስት መንገድ ይጀምራሉ ብል ማጋነን አይሆንም፦ ስለ ትምህርት በተነገረ የታላቅ ሰው ጥቅስ፣ «ኢትዮጵያ የቡና መገኛ ናት» በሚል ዓረፍተ ነገር፣ ወይም «ከልጅነቴ ጀምሮ ሐኪም ሆኜ ሕዝቤን ማገልገል ምኞቴ ነው» በሚል። ሦስቱም ውሸት አይደሉም፤ ግን ከአጋሮም ከአርባ ምንጭም ከሌላ አገርም የሚመጣ አመልካች ሁሉ ሊጽፋቸው ይችላል፤ አንባቢውም በዚያ ቀን አርባኛውን ማመልከቻ እያነበበ ነው።

ከጎማ ወረዳ መጥታ ጅማ ዘመድ ቤት ተቀምጣ የምትማር አንዲት ልጅ ያመጣችልኝ ረቂቅም በሐኪምነት ምኞት የሚጀምር ነበር። ወረቀቱን አስቀምጠን ስለ ቤቷ እንድታወራኝ ጠየቅኳት። ስለ አባቷ የቡና ማሳ ስትነግረኝ ቆይታ በመሐል «ያኛው ግን ስም የለውም፤ 74110 ነው የሚባለው» አለች። ለምን ቁጥር ሆነ ስላት ሣቀች፤ እሷም ትንሽ ልጅ ሳለች የግብርና ባለሙያውን ጠይቃው «ምርጥ ዘር ነው» ብሎ አልፏት ኖሮ ጥያቄው ውስጧ ቀርቷል። በሚቀጥለው ሳምንት አንብባና ሰው ጠይቃ መጣች። እ.ኤ.አ. በ1971 ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን ገብቶ እሸቱን በዛፉ ላይ እያጠቆረ ሲጨርሰው ተመራማሪዎች በሽታውን የተቋቋሙ ዛፎችን ከየጫካው ፈልገው ዘራቸውን መርጠዋል፤ ይህኛው ከኢሉባቦር፣ ከመቱ አካባቢ የተገኘ ነው፤ 74 ማለትም የተመረጠበት ዓመት 1974 ነው። ልጅቷ እዚህ ላይ ብታቆም ኖሮ ጽሑፉ ጥሩ የክፍል ሥራ ይሆን ነበር። እሷ ግን ሌላ ጥያቄ አነሣች፦ ስም የነበራቸው የድሮዎቹ ቡናዎች የት ሄዱ? ለእረፍት ስትሄድ የአባቷንና የሁለት ጎረቤቶቻቸውን ማሳ ዞራ በስም የሚጠሩትን ዛፎች ቆጠረች፤ አንዲት አሮጊት ጎረቤት አንዱን ዛፍ አባቷ ከሚጠራበት በተለየ ስም እንደሚጠሩት ስታገኝ ቆጠራው ተበላሸባት፤ ይህንኑ መበላሸቱን ጻፈችው። ድርሰቷ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቢሆንም መክፈቻው በአማርኛ እንዲህ ነው፦ «አባቴ ሦስት ዓይነት ቡና አለው። ሁለቱ ስም አላቸው፤ ሦስተኛው ቁጥር ነው።»

ከዚህ የምትወስዱት ስለ ቡና መጻፍን አይደለም። ቡና ያልነካው የሄርማታ ሰፈር ልጅ ስለ አዌቱ ወንዝ ሙላት፣ ስለ እናቱ የዕቁብ መዝገብ፣ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስለሚቀላቅል የሚኒባስ ረዳት ሊጽፍ ይችላል። ነጥቡ ጥያቄው የእናንተ መሆኑ፣ እሱን ተከትላችሁ አንድ ነገር መሥራታችሁ፣ ያልተሳካውንም አለመደበቃችሁ ነው። የኦነርስ ተማሪ በአራተኛው ዓመት የሚሠራው የመመረቂያ ጥናትም ከዚህ ቆጠራ የሚለየው በስፋቱ ብቻ ነውና መራጮቹ ይህን ሲያነቡ የሚያዩት የወደፊቱን ተማሪ ነው። የማመልከቻውን መጨረሻ በ«ስለዚህ ዕድሉን ብትሰጡኝ» ልመና አትዝጉት፤ ጥያቄው በደረሰበት ቦታ ተዉት።

ድጋፍ ደብዳቤ ላይ የሚደርሰው ችግር ከቸርነት የሚመነጭ ነው። መምህሮቻችን ለሚወዱት ተማሪ ሲጽፉ «ትሑት፣ ታዛዥ፣ ሰዓት አክባሪ፣ በሥነ ምግባሩ የተመሰገነ» ይላሉ፤ በእኛ ዘንድ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም። እዚያ ለሚያነበው ሰው ግን «ታዛዥ» የሚለው ቃል ብቻውን ሲቆም ተማሪው በሴሚናር ላይ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ያስመስለዋል። መምህራችሁን «ይህን አትጻፉ» ማለት ነውር ስለሆነ ሌላ መንገድ አለ። ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ቀርባችሁ ጠይቁ፤ በግማሽ ገጽ ላይ በእሳቸው ክፍል የሆኑ ሁለት ሦስት ነገሮችን በቀንና በርዕስ ጽፋችሁ «ቲቸር፣ ለማስታወስ ቢረዳዎት ብዬ ነው» ብላችሁ ስጧቸው፦ መልሱ ከመጽሐፉ የተለየ ሆኖባችሁ የተከራከራችሁበት የፊዚክስ ጥያቄ፣ ቤተ ሙከራ ስላልነበረ በጀሪካንና በሻማ የሠራችሁት ሙከራ። በክፍሉ ስልሳ ተማሪ ያለው መምህር ይህን ስለረሳ አይወቀስም፤ ሲያስታውሱት ግን ደስ ብሎት ይጽፈዋል።

ሌላው የማኅተም ጉዳይ ነው። ማኅተም የሌለበት ወረቀት ለእኛ ወረቀት አይደለም፤ ስለዚህ መምህሩ ደብዳቤውን ጽፎ፣ አስመትቶ፣ በታሸገ ፖስታ ለተማሪው ይሰጠዋል። የጋራ ማመልከቻው ግን ማስፈንጠሪያውን የሚልከው ወደ መምህሩ ኢሜይል ነው፤ ደብዳቤውን መጫን ያለበትም መምህሩ ራሱ ነው፤ ተማሪው ከፍቶ ከላከው ዋጋ የለውም። የይለፍ ቃሉን የረሳ መምህር ብዙ ነውና አስቀድማችሁ አብራችሁት ተቀምጣችሁ ኢሜይሉ እንደሚሠራ አረጋግጡ። ትራንስክሪፕቱንም የሚልከው ትምህርት ቤቱ ነው፤ አማካሪ በሌለበት ርዕሰ መምህሩ ይህን ሚና ሊወስድ ይችላል። ከ100 የሚሰጠው የእኛ ውጤት ምን ማለት እንደሆነ፣ በክፍሉ ስንተኛ እንደወጣችሁ፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንዴት እንደሚሰጥ በአንድ አንቀጽ እንዲያብራሩ ለምኗቸው። ስማችሁ በፓስፖርቱ፣ በትራንስክሪፕቱና በማመልከቻው ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን፣ የልደት ቀናችሁም በሁሉም ላይ በእነሱ አቆጣጠር መሆኑን ተመልከቱ፤ የመሐመድና የጽጌ አጻጻፍ ብቻ ስንት ልጅ እንዳንከራተተ እኔ አውቃለሁ።

ቀኖቹ እነዚህ ናቸው። የጋራ ማመልከቻው የሚከፈተው ኦገስት 1፣ በእኛ ሐምሌ 25 ነው። ቀድመው ለሚያመለክቱ ብዙ ኮሌጆች ኖቬምበር 1 ወይም 15 ላይ ይዘጋሉ፤ የመጀመሪያው ጥቅምት 22 መሆኑ ነው፤ መደበኛው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ፣ ታኅሣሥ 23 ገደማ ይዘጋል። ጳጉሜን ስድስት በሆነች ጊዜ የጥቅምቱና የታኅሣሡ ቀን በአንድ ይለያያል። የኦነርስ ማመልከቻው ከዋናው በኋላ የተለየ ቀን ሊኖረው ይችላል፤ ዋናውን ልኮ ይህን የረሳ ተማሪ አጋጥሞኛል።

ሰዓቱን በተመለከተ ስህተቱ የእኔ ነበር። የመጀመሪያውን ተማሪዬን ስረዳ መዝጊያው «11:59 ፒኤም» ይላል፤ እኔም የእንግሊዝኛ አስተማሪው «ሌሊት 11:59 ድረስ ነው» ብዬ በአፌ ነገርኩት። ልጁ ኔትወርክ የሚቀለው ሲነጋጋ ነው ብሎ ነቅቶ አድሮ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሊልክ ሲል ገጹ ተዘግቶ ጠበቀው። በእነሱ አቆጣጠር 11:59 ፒኤም የሚባለው በእኛ ከምሽቱ 5:59 ነው፤ አራት ሰዓት ዘግይተን ነበር። ከዚያ ወዲህ ለማንም ሰው ሰዓት በቃል አልነግርም፤ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፌ እሰጣለሁ፤ የምመክረውም ሁለት ቀን ቀደም ብሎ መላክን ነው።

የእንግሊዝኛ ፈተናውን ነገር በአጭሩ ልናገር፦ ለቶፍል ወይም ለአይኤልትስ አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ የማይችል ሰው ኮሌጁ ከተቀበለው የዱዎሊንጎን ፈተና ከቤቱ ሊወስድ ይችላል። አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ውጤቱ ለሁለት ዓመት ያገለግላል። በክረምት ከሰዓት በኋላ አትቀመጡለት፤ የጅማ ዝናብና መብራት የሚግባቡ አይደሉም።

ቃለ መጠይቅ ካለ በቪዲዮ ነው። በእነሱ ክረምት የምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ከእኛ በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር በእነሱ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት የተባለው ቀጠሮ ለእኛ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ይውላል፤ ቤተሰቡን አስቀድማችሁ አሳውቁ። ጠያቂው መልሳችሁን ተከትሎ ሌላ ጥያቄ ሲያነሣ የያዛችሁትን አትድገሙለት፤ የማታውቁትን «አላውቅም፤ ግን እንዲህ ብዬ እጀምር ነበር» ማለት በዚህ ወንበር ላይ ነጥብ አያስቀንስም። እናንተም ጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት የኦነርስ ተማሪዎች ስለ ምን ጻፉ? ስንቶቹ እስከ መጨረሻ ዘለቁ? የመለሰበት መንገድ ስለ ፕሮግራሙ ከድረ ገጹ የበለጠ ይነግራችኋል።

ቀድሞውኑ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ለመዛወር የምታስቡ አትዘኑ፤ ነገር ግን ብዙ ኮሌጆች ለተዘዋዋሪ የውጭ ተማሪ የሚሰጡት ድጋፍ አነስተኛ ነው። በእጃችሁ ያለው ጥሩ ነገር ሲቢቲፒ፣ ማለትም ተማሪዎች ኅብረተሰቡ ውስጥ ገብተው የሚሠለጥኑበት ፕሮግራም፣ ነው። ተማሪ ሁሉ ለፎርማሊቲ የሚሠራው የቀበሌ ሥራ ይመስለዋል፤ ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ዘመን ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው መለያ የሆነው ይህ ትምህርት ግን ቤት ለቤት ሄዶ መጠየቅን፣ ችግርን በቅደም ተከተል ማስቀመጥን፣ ከነዋሪው ጋር መፍትሔ መሞከርን ያስተምራል። የኦነርስ መራጭ ይህን ሲያነብ ይቆማል፤ «በቡድን ሠርተናል» ብላችሁ ካለፋችሁት ግን ምንም አያይም።

ከተቀበሏችሁ በኋላ ወደ ኢሜይላችሁ «የክብር ማኅበር አባል ሆነዋል፤ የአባልነት ክፍያ ይላኩ» የሚል መልእክት ሊመጣ ይችላል። ያ ሌላ ነገር ነው። የታወቁ የክብር ማኅበራት አሉ፤ እንደ እ.ኤ.አ. በ1776 እንደተመሠረተው ፋይ ቤታ ካፓ ያሉት ተማሪን የሚጋብዙት ኮሌጅ ገብቶ ከተማረ በኋላ ነው። ገና ሳትሄዱ ገንዘብ ለሚጠይቅ ማንም አትላኩ።

መልሳችሁን የምትሰጡት በአብዛኛው እስከ ሜይ 1፣ ሚያዝያ 23 ነው። ከዚያ በፊት ለፕሮግራሙ ኃላፊ ሦስት ጥያቄ በኢሜይል ላኩ፦ ውጤቴ ለአንድ ሴሚስተር ከተወሰነው በታች ቢወርድ ወዲያው እወጣለሁ ወይስ የማስተካከያ ጊዜ አለ? በራሴ ፈቃድ ብወጣ ስኮላርሺፑ ይቀጥላል ወይ? የምማረው የትምህርት ዓይነት ከኦነርስ ኮርሶቹ ጋር ሰዓት ቢጋጭ ማን ያስተካክላል? በስልክ የተሰጠ መልስ አይበቃም፤ በጽሑፍ ይሁን። የመጣውን መልስ በስልካችሁ ላይ ብቻ አትተዉት፤ አሳትማችሁ ለቪዛ ከሚያስፈልገው አይ ትዌንቲ ከሚባለው ፎርምና ከፓስፖርታችሁ ጋር በአንድ ፋይል አስቀምጡ፤ ስልክ አውቶቡስ ላይ ይጠፋል።